ፊልምህን አታጥፋው

ልጄ፣ ትናንት ማታ ደጄ ላይ ቆመህ የነገርከኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ። «ጋሼ፣ ፊልሙን ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋዋለሁ፤ ከዚያ እንደ እኩዮቼ የደቡብ አፍሪካን መንገድ እይዛለሁ» አልከኝ። ያን ጊዜ የምመልስልህ ቃል አጣሁ። ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እያዳመጥኩ ሳሰላስል ግን ቃሉ መጣልኝ። በጽሑፍ ያደረግኩት አንተ ደጋግመህ እንድታየው፣ በዱራሜም በሾኔም በሺንሺቾም ካሜራ ይዘው ለሚንከራተቱ እኩዮችህም እንዲደርስ ብዬ ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላልና በምሳሌ እነግርሃለሁ። ምሳሌው ግን ተረት አይደለም፤ በእውነት የሆነ ነገር ነው።

ፊልምህ የታየ ቀን እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላ ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ ፊልሙንም ተመልካቹንም አየሁ። መጀመሪያ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ነበር። በአዲስ ዓመታችን በያሆዴ ሰሞን አንድ ግቢ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ሰብስበሃል፤ አንዱ በሬ ሊያርድ ቢላ ይስላል፣ አንዷ ለበዓሉ ምግብ ለአታካናው ቅቤ ታነጥራለች፣ አንዱ ከአበዳሪው ይደበቃል፣ ሌላው ከጆሃንስበርግ ተመልሶ ሚስት ይፈልጋል፣ ሁሉም በአንድ በር ሲገባና ሲወጣ ይጋጫል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልካቹ መቁነጥነጥ ጀመረ። አንድ ወጣት ጓደኛውን «ዋናው ሰውዬ የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ጓደኛውም አላወቀም። ስልኮች በጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ በሩ። ግማሹ ሰው ፊልሙ ሳያልቅ ወጣ። በማግስቱ ፊልምህ ከቡና ቤት ቡና ቤት ሲዘለዘል ዋለ፤ የሚዘለዝለው ያየው ብቻ ሳይሆን ያላየውም ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

አሁን ወደ ምሳሌው ልምጣ። ዣን ሬኗር የሚባል ፈረንሳዊ የፊልም አዘጋጅ ነበር፤ የሠዓሊው የኦጉስት ሬኗር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ ጦር ምርኮኞች የሠራው «ታላቁ ቅዠት» የተባለ ፊልም ስሙን በዓለም አስጠርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ከወንድሙና ከወዳጆቹ ጋር የራሱን ድርጅት አቋቁሞ፣ በዘመኑ ፈረንሳይ ውስጥ ከተሠሩት ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ የሆነ ፊልም ሠራ። ስሙ «የጨዋታው ሕግ» ነው። ኮሜዲ ነው፤ ዋና ተዋናይ የሚባል አንድ ሰው የለበትም። አንድ ባለ ርስት ጌታ፣ ሚስቱ፣ የሚስቱ አፍቃሪ፣ የራሱ ውሽማ፣ የቤት ሠራተኞቹ፣ የጫካው ጠባቂ፣ ጥንቸል ሰርቆ የሚያጠምድ ሌባ፣ ሁሉም ገጠር ባለ ቤተ መንግሥት መሰል ቤት ውስጥ ለአደንና ለግብዣ ይሰበሰባሉ። ሬኗር ራሱ ኦክታቭ የሚባለውን፣ የሁሉም ወዳጅ የሆነውንና ለራሱ ግን ምንም የሌለውን ሰው ሆኖ ተጫውቷል፤ በግብዣው ሌሊት የድብ ቆዳ ለብሶ ማውለቅ አቅቶት ሲንከራተት ታየዋለህ።

ፊልሙ ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 1939 ነው፤ በእኛ ሰኔ 30 ቀን 1931 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ተመልካቹ ጮኸ፣ አፏጨ። ሬኗር ራሱ በኋላ እንደተረከው አንድ ሰው ጋዜጣ ለኩሶ አዳራሹን ሊያቃጥል ሞክሮ ነበር። በአንተ ፊልም የሆነው ስልክ መነካካትና ወጥቶ መሄድ ነው፤ ልጄ፣ እሳት የለኮሰብህ የለም። ሬኗር ደነገጠ። ፊልሙን ይቆርጥ ጀመር፤ ቀንሶ ቀንሶ ወደ 85 ደቂቃ አወረደው። ይበልጡን የቆረጠው ደግሞ ራሱ የተጫወተበትን ክፍል ነበር፤ ፊቱን ማሳየት እንዳፈረ ሰው። ቢቆርጥም አልዳነም። የዚያኑ ዓመት ጦርነቱ እንደተነሣ መንግሥት የሕዝብን መንፈስ ያዳክማል ብሎ ፊልሙን አገደው። ሬኗር «ወይ ፊልም መሥራት እተዋለሁ፣ ወይ ከአገሬ እወጣለሁ» እስከማለት ደረሰ። ወጣም፤ ጀርመን ፈረንሳይን ከያዘች በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የአንተ የትናንቱ ቃል ያስደነገጠኝ ለዚህ ነው። ይኸኛውን መንገድ ካንተ በፊት የሄደበት ሰው አውቃለሁ።

መከራው በዚህ አላበቃም። የፊልሙ ዋና ቅጂ የተቀመጠበት ቤት በጦርነቱ ጊዜ በአውሮፕላን ቦምብ ተመታና ነደደ። የቀረው የተቆራረጠው ቅጂ ብቻ መሰለ።

እኔ ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት በተማሪነቴ አዲስ አበባ ሳለሁ ነው። አልወደድኩትም። ሀብታሞች በኮሪደር ሲሯሯጡ፣ በር ሲከፍቱና ሲዘጉ፣ አንዱ የሌላውን ሚስት ሲስም አየሁና «ይህ ምኑ ነው የሚወደሰው?» ብዬ ወጣሁ። ከሆሳዕና የመጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የእነሱ ጭንቀት ጭንቀት ሆኖ አልታየኝም። ከዚያ ብዙ ዓመት አለፈ። አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፣ ልጆቼን ዳርኩ። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ በላፕቶፑ ላይ ጫነልኝና ዳግም አየሁት። የዚያን ቀን አንድ ነገር አደረግሁ። ጌቶቹን ትቼ ሎሌዎቹን ብቻ ተከተልኩ።

ያን ጊዜ ዓይኔ ተከፈተ። ከታች፣ ወጥ ቤቱ አጠገብ፣ ሠራተኞቹ የራሳቸው ማዕድ አላቸው፤ በማዕዳቸው ላይ የሚቀመጡት እንደ ጌቶቻቸው በማዕረግ ነው። ላይ ቤት የሚሆነው ሁሉ ታች ቤት ይደገማል። ጌትየው ሚስቱን በጨዋ ወግ ሲያጣ፣ የጫካ ጠባቂው ሹማኸር ሚስቱን ሊዜትን ከጥንቸል ሌባው ሊያስጥል ሽጉጥ መዝዞ በግብዣው መሀል ይሮጣል። እንግዶቹ ትርኢት መስሏቸው ይስቃሉ። ተኩሱ ግን የእውነት ነው። ሬኗር ካሜራውን ያቆመው የፊተኛው ሰውም የኋለኛውም ጥርት ብለው እንዲታዩ አድርጎ ነው፤ ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ከኋላ በበሩ በኩል ሌላ ሁለት ሰው ሌላ ነገር ይሠራል። የፓሪሱ ተመልካች የቱን እንደሚያይ አላወቀም። ባንተ አዳራሽ ያ ወጣት «ዋናው ሰውዬ የቱ ነው?» እንዳለው መሆኑ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ተመልካቹ ግን ሃምሳውን ሎሚ አንድ ሰው እንዲሸከምለት ለምዷል።

ሁለት ነገር ደግሞ ቀረብ ብለህ እንድታይ እፈልጋለሁ። አንደኛው አደኑ ነው። ጥንቸሎቹ ከቁጥቋጦው ወጥተው ይሮጣሉ፣ ጠመንጃው ይንጣጣል። አንዲት ጥንቸል ተመትታ ትገለበጥና የፊት እግሮቿን ቀስ ብላ ወደ ደረቷ ትሰበስባለች። ካሜራው አይሸሽም፤ እስክትረጋ ድረስ ይቆያል። እዚህ ላይ የሚስቅ የለም፤ ኮሜዲ ውስጥ ነን፣ ግን የሚስቅ የለም። ሁለተኛው ሮበርት የሚባለው ጌታ አዲስ የገዛውን፣ በራሱ የሚዘፍን ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ለእንግዶቹ የገለጠ ጊዜ ነው። አጠገቡ ቆሞ ይታያል። ፊቱ ላይ ኩራትና እፍረት አንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ አዲስ ጫማ ተገዝቶለት በበዓል ቀን ወደ ሰው ፊት የወጣ ሕፃን ይመስላል። ሚስቱን የሚያታልለው ይህ ሰው ነው። ይህን ፊት ካየህ በኋላ ልትጠላው አትችልም። ሬኗር ማንንም አይጥልም። ጌታውንም፣ ጠባቂውንም፣ ሌባውንም። ሁሉንም እየሳቀባቸው ይወዳቸዋል። መጨረሻ ላይ ጠባቂው በስሕተት ሰው ይገድላል፤ ጌታው በረንዳው ላይ ወጥቶ ድንገተኛ አደጋ ነው ብሎ ለእንግዶቹ ያስታውቃል፤ እንግዶቹም ወደ ቤት ይገባሉ። ያለቀው እንዲህ ነው። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሳቅ ነው።

የፓሪስ ሰው ለምን ተቆጣ? እኔ እንደሚገባኝ መስተዋት ስለቀረበለት ነው። ፊልሙ የተሠራው በሚዩኒክ የቼኮዝሎቫኪያ አንድ ክፍል ለሂትለር ተላልፎ በተሰጠ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ጦርነት በደጅ ቆሞ ሳለ ትልልቆቹ ሰዎች ይጨፍሩ ነበር፤ ሬኗር ይህንኑ አሳያቸው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ እሱ ሆዳቸው ያባውን ያለ ብቅል አወጣባቸው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ እኛም የራሳችን አለን። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን በስማቸው ታውቃቸዋለህ። በልጅነታቸው ራስ መኮንንን ተከትለው ዓድዋ የዘመቱ፣ ከዚያ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ቴአትር ነው ተብሎ ዘፈንና ጭፈራ ሲታይ አይተው «ይህ ቴአትር አይደለም» አሉ። ባሉት ቃል ተይዘው በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚለውን ተውኔት ጻፉ። ከፈረንሳዊው ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው እንስሳቱን በአማርኛ አናገሩ። አንድ ጀግና የለበትም፤ አውሬዎቹ ሁሉ በየተራ ይናገራሉ፣ ይሸነጋገላሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ይበላላሉ። መኳንንቱ ተቀምጠው አዩ። አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑም ገባቸው። ነገሩ ከቤተ መንግሥት ደረሰና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ እንደገና እስኪያነሡት ድረስ ቴአትር ተዳፍኖ ቆየ። ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል። ዛሬ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ከየት ጀመረ ብለህ ብትጠይቅ የሚጠቀሰው ያው የታገደው የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልንገርህ፤ ሳስበው ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። እኚሁ ተክለ ሐዋርያት ኋላ ፓሪስ ላይ የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራችን የተከራከሩት እሳቸው ናቸው። ትልልቆቹ መንግሥታት ሰሟቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አሳልፈው ሰጡን። የአውሬዎችን ኮሜዲያ የጻፉት ሰው የሰዎችን ኮሜዲያ ፊት ለፊት አዩ። ከአራት ዓመት በኋላ ሬኗር ያንኑ ዓይነት ሰው፣ የሰው ሬሳ በደጁ ወድቆ «አደጋ ነው» ብሎ ወደ ግብዣው የሚመለሰውን ሰው፣ ፓሪስ ውስጥ በሸራ ላይ አሳየ። ሁለቱ ይተዋወቁ ነበር አልልህም። የሁለቱም ሳቅ ግን የፈለቀው ከአንድ ቁስል ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሬኗር ፊልም ልመለስ፤ የቀረ አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የሚባለው የእንግሊዞች መጽሔት ከመላው ዓለም የፊልም ሐያስያንን ጠይቆ ምርጥ የተባሉትን ሲያወጣ ያ የተጠላው ፊልም፣ ገና እንደተቆራረጠ፣ አሥረኛ ሆኖ ገባ። ዣን ጋቦሪና ዣክ ማሬሻል የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ደግሞ በመጋዘን የተረፉትን የፊልም ጥቅሎች እየፈለጉ፣ ቁርጥራጩን ከቁርጥራጭ እያገናኙ፣ ሬኗርን እያማከሩ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ 106 ደቂቃ መለሱት። ከአንዲት አጭር ትዕይንት በቀር የጎደለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1962 በዚያው መጽሔት ሦስተኛ ሆነ፤ በ1972፣ በ1982ና በ1992 ሁለተኛ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ግን ልብ በል፤ የጠራው ጥቅሎቹን ያልጣለ ሰው ስለነበረ ነው። አንድ ሰው በንዴት ሁሉንም አቃጥሎት ቢሆን ኖሮ ንጋቱም ምንም ባላሳየን ነበር።

ልጅ ሳለሁ እናቴ የእንሰቱን ጉድጓድ በኮባ ቅጠል አልብሳ፣ የፋቀችውን ጠቅጥቃ፣ ድንጋይ ጭና ትዘጋው ነበር። አንድ ቀን እሷ ገበያ በሄደችበት ድንጋዩን አንሥቼ ከፈትኩት። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ስትመለስ ሮጬ «እማ፣ ቆጮው በስብሷል፣ እንድፋው» አልኳት። እጇን ሰድዳ ትንሽ ቆንጥራ በጣቶቿ መሀል አሻሸችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ ሸፈነችው። «አልበሰበሰም፤ ገና ነው» አለችኝ። ለማያውቅ አፍንጫ የበሰበሰና የሚብላላ አንድ ናቸው። የእሷ እጅ ግን ለየው። አንተ የእናቴን እጅ እንድታበጅ ነው የምመክርህ፤ በአንድ ሽታ እንዳትደፋ፣ በአንድ ሽታም «የኔ ቆጮ ጥሩ ነው» ብለህ እንዳታቀርብ።

ይህን የምለው ያልተወደደ ፊልም ሁሉ ያልተገለጠ ዕንቁ ነው ብለህ እንዳታስብ ነው። አይደለም። አሜሪካዊው ስቲቨን ስፒልበርግ በ«ጆውስ» ስሙ ከገነነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 «1941» የሚባል ብዙ ሰው የሚሯሯጥበት ኮሜዲ ሠራ። ጃፓኖች ፐርል ሃርበርን ከመቱ በኋላ የሎስ አንጀለስ ሰው እንዴት በፍርሃት እንዳበደ የሚያሳይ ነው። ሐያስያን ወረዱበት፤ ኋላ ረዘም ያለው ቅጂ ወጣና የሚያነሣሡት ወዳጆች አገኘ። እኔም ደግሜ አየሁት። የዳንስ አዳራሹ ጭፈራና ጠብ አንድ ላይ የተፈተለበት ክፍል ግሩም ነው፤ ተነሥቼ አጨብጭቤለታለሁ። የቀረው ግን ጩኸት ነው። ቤት ይፈርሳል፣ መኪና ይገለበጣል፣ ሰው ይጮኻል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የአንዱን ፊት እንኳ እንደ ሮበርት ፊት ይዤ አልወጣሁም። ደግሞ ማየት ፍርድን ሁልጊዜ አይገለብጥም። አንዳንዴ ያጸናዋል። በእኛ በሽማግሌዎች ዳኝነት ነገር በአንድ ጉባኤ አይቆረጥም፤ ቀጠሮ እንሰጣለን፣ ሁለቱንም ወገን እንደገና እንሰማለን። ቀጠሮ ስንሰጥ ግን ለከሳሹም ለተከሳሹም ቃል አልገባንም።

እንግዲህ ስለ አንተ ፊልም ልናገር። እኔም ቀጠሮ ሰጥቼ፣ የላክህልኝን ቅጂ ትናንት ካንተ መምጣት በፊት ሁለተኛ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ጥሩው ጥሩ ነው። ከአበዳሪው የሚሸሸው ሰው የእንሰቱ ተክል መሀል ተደብቆ፣ አበዳሪው ደግሞ ሳያየው እዚያው ተክል ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ዳቦውን ቆርሶ የሚበላበት ቦታ አለ። ሁለቱ በአንድ ቅጠል ብቻ ተለያይተው የተቀመጡበት። የተደበቀው ርቦት ዳቦውን ሲያይ፣ ምራቁን ሲውጥ፣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ይታያል። አዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም፤ ስልክ ያዩ ነበር። እኔ ግን ቤቴ ብቻዬን ስቄ ዓይኔ አነባ። ያቺን ትዕይንት የሠራ ልጅ ፊልም መሥራት ይችላል። አሮጊቷ ቅቤ እያነጠሩ ስለ ሞተው ባላቸው ለምድጃው የሚያወሩበትም እንዲሁ። ማንም አልሰማቸውም፣ ምክንያቱም ከፊት ለፊታቸው ልጆቹ እየተጣሉ ነበር። ሳታውቀው ሬኗር የሠራውን ሠርተሃል።

ጉድለቱ ደግሞ ይህ ነው፤ አትቀየመኝ፣ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላልና መከራው ሳይቀድመኝ ልምከርህ። ከዱራሜ የመጣውን ነጋዴ አስበው። በገባ በወጣ ቁጥር የሚያስቀው በአነጋገሩ ብቻ ነው። ከምባትሳ እየቀላቀለ አማርኛ ሲሰብር፣ ቁጥር ሲሳሳት፣ ሌላው ሲያሾፍበት። በዚያች ሌሊት አዳራሹ ከልቡ የሳቀው እዚያ ላይ ብቻ ነበር፤ አንተም ሳቁን ስትሰማ ደስ ብሎህ እንደሆነ አልጠራጠርም። እኔ ከፊቴ ሁለት ወንበር ዘልሎ የተቀመጠውን ሰው አይ ነበር። ከሺንሺቾ የመጣ የማውቀው ሰው ነው። ሁሉ ሲስቅ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ በእጁ አሽከረከረው፣ መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው፣ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ፊልምህን ጥለው ከወጡት ሰዎች ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ልጄ፣ የእኛ ሀድይሳና የእነሱ ከምባትሳ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ቃል ለቃል ብታስተያያቸው ዘመድነታቸው አይሰወርም። አዲስ አበባ ሄደን እኛም በአማርኛችን ስንት ጊዜ ተሳቀብን! በኮሜዲው ሁሉ «የክፍለ ሀገር ሰው» እየተባለ፣ አፉን ሲከፍት ሰው የሚስቅበት ያ ሞኝ፣ እኛ አልነበርንም? የተሳቀበት ሰው ተራው ሲደርስ በጎረቤቱ ላይ ቢስቅ ምን አተረፈ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ሬኗር ለሌባው እንኳ ክብሩን ሰጥቶታል። ጥንቸል ሰራቂው ማርሶ ቤት ውስጥ ሎሌ ሆኖ ዩኒፎርም መልበስ ሁልጊዜ ሕልሙ እንደነበረ ለጌታው ሲነግረው ትስቃለህ፤ በሕልሙ ግን አታላግጥም። ነጋዴህንም እንዲሁ አድርገው። ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ልጆቹ፣ ለምን በዓሉን ከቤቱ ርቆ እንደሚያሳልፍ አንድ ደቂቃ ስጠው። አነጋገሩ እንዳለ ይሁን፤ ሰው የአገሩን ቃና ይዞ ይናገራል። አነጋገሩ ግን የእሱ ይሁን፤ የእኛ መሳቂያ አይሁን።

ሌላው ቀላል ነው፣ ቶሎ ልለፈው። አሥራ ሁለቱን ሰዎች በአምስት ደቂቃ ውስጥ አስገባሃቸው። ሬኗር ሰዎቹን ወደዚያ ቤት የሚሰበስበው ብዙዎቹን ፓሪስ ላይ በቅድሚያ ካስተዋወቀን በኋላ ነው። አንተም ሁለት ሦስቱን ገበያ ላይ ብታገናኘን ኖሮ ያ ወጣት ግራ ባልተጋባ። ድምፁ ደግሞ ከአሮጊቷ ይልቅ ጄኔሬተሩን ያሰማል፤ እሱን ከባለሙያ ጋር ተነጋገር።

ስለ ተመልካቹም አንድ ቃል አለኝ፤ ጥፋቱ ሁሉ ያንተ አይደለም። ሲኒማ አዲስ አበባ የገባ ሰሞን ሰው አዳራሹን «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ያን ስም ያወጣው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ያልለመደውን ነገር በሚያውቀው ስም ጠራው እንጂ። የእኛም ከተማ ወጣት በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያደገው አንድ ጀግና ሃምሳውን ሰው ሲደበድብ እያየ ነው። በገዛ ቋንቋው የተሠራ፣ ጀግና የሌለው፣ ጎረቤቱን የሚመስል አሥራ ሁለት ሰው የሞላበት ፊልም ሲቀርብለት ዓይኑን የት እንደሚያኖር አላወቀም። ያውቃል። ጊዜ ስጠው። በቀብርም በደቦም በሠርግም አሥራ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ማየት የሚችል ሕዝብ ነው፤ በአንድ ግቢ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ለማን ቡና እንዳላቀረበ ሳይነገረው የሚያውቅ ሕዝብ። እንዲህ ያለው ፊልም ለማን ይሠራ፣ ለእሱ ካልተሠራ?

ስለ መንገዱ አልከራከርህም። ወንድምህ እዚያ ሠርቶ እናትህን አኑሯል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። መሄድ ካለብህም ሄደህ እንጀራህን ብላ። ግን ተሸንፈህ፣ የሠራኸውን በእጅህ ገድለህ አትሂድ። ሬኗር ሲሄድ ፊልሙን አላጠፋም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የማያውቃቸው ልጆች መጥተው አገናኙለት። አንተ ሃያ ዓመት መጠበቅ የለብህም። ቅጂውን በሁለት ዲስክ አስቀምጥ፤ አንዱን እኔ ሣጥኔ ውስጥ አኖርልሃለሁ። የነጋዴውን ክፍል እንደገና ቅረጸው፤ ተዋናዩ አሁንም ዱራሜ ነው፣ ጠይቄዋለሁ፣ ፈቃደኛ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ይዘህ ቤቴ ና። ቡና ይፈላል። አሮጊቷን የተጫወቱትን እናት ጋብዣቸዋለሁ። ያ ከሺንሺቾ የመጣው ሰውም እንዲመጣ ስልክ ደውዬለታለሁ፤ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ኋላ ግን እመጣለሁ ብሎኛል።